የበር ጎማ ኢኮኖሚክስ፦ አሮጌ መኪናን የሚገድለው ዕድሜው አይደለም

ያገለገለ ፒካፕ ለመግዛት የሚመጣ ሰው በመጀመሪያ ኮፈኑን ያስከፍታል። የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል፤ ካምቢዮውን ይሞክራል፤ ጎንበስ ብሎ ዘይት የሚያንጠባጥብ እንደሆነ ያያል። የበሩን ዙሪያ ተከትሎ የተለጠፈውን ጥቁር ጎማ በጣቱ ዳስሶ የሚፈትሸው ግን ከስንት አንድ ነው። ይሁን እንጂ እንደ ሸቭሮሌ ሲ-10 እና እንደ ፎርድ ኤፍ-100 ያሉት የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ፒካፖች ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው እዚያ ነው። ሞተር ይታደሳል፤ ካልሆነም ወርዶ በሌላ ይተካል። የበሩና የመስታወቱ ጎማ ሲሰነጠቅ ግን ውኃ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ከምንጣፉ ሥር ይተኛል፤ የወለሉን ላሜራና የጋቢናውን የታች ማዕዘኖች ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ባለቤቱ ዝገቱን ከውጭ በኩል በሚያይበት ቀን ጉዳቱ ከደረሰ ዓመታት አልፈዋል።

በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ይህንን ትንሽ ጎማ ነው። ምክንያቱም በዴንቨርና በኦሮራ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች በየክረምቱ የሚጋፈጡት ጥያቄ፣ አዲስ አበባም ውስጥ የትራንስፖርት ፖሊሲ አውጪዎች እየተጋፈጡት ያለው ጥያቄ፣ በዚህ ጎማ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ ያለንን ንብረት እንጠግን ወይስ እንለውጥ? መከራከሪያዬ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ጥገና ከኢንቨስትመንት ዓይነቶች አንዱ ነው፤ እንደ ተራ ወጪ መመዝገቡ ያሳስተናል። ሁለተኛ፣ ሰው ጥገናን የሚያዘገየው በስንፍና ሳይሆን በወለድና በደመወዝ ስሌት ተገዶ ነው። ሦስተኛ፣ መኪናን በዕድሜው ብቻ የሚመዝን ፖሊሲ፣ በኮሎራዶም ይሁን በኢትዮጵያ፣ የተሳሳተውን ነገር ይለካል።

ትንሿ ክፍል

የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ስለ አንድ ጎማ የሚማሩበት ጊዜ አለ። ጥር 28 ቀን 1986 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ከተነሣች ከ73 ሰከንድ በኋላ ተበታትና ሰባት ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ በሮኬቱ መገጣጠሚያ ላይ የነበረ የጎማ ቀለበት በጠዋቱ ብርድ ደርቆ ክፍተቱን መድፈን ስላቃተው ነበር። የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን ያንኑ ጎማ በረዶ ባለበት ውኃ ውስጥ ነክሮ በብርድ የመለጠጥ ኃይሉን እንደሚያጣ በአደባባይ አሳየ። በ1993 ደግሞ ማይክል ክሬመር፣ በ2019 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ኢኮኖሚስቶች አንዱ፣ ስለ ዕድገት የጻፈውን ጥናት በዚሁ የጎማ ቀለበት ስም ሰየመው።

የክሬመር ሐሳብ ቀላል ነው። አንድ ምርት አሥር ሥራዎችን የሚጠይቅ ከሆነና የውጤቱ ጥራት የአሥሩ ጥራት ብዜት ከሆነ፣ ሁሉም በ99 በመቶ ጥራት ቢሠሩ ውጤቱ 90 በመቶ ገደማ ይሆናል። ዘጠኙ በዚያው ጥራት ተሠርተው አንዱ ብቻ ወደ 50 በመቶ ቢወርድ ግን ጠቅላላው ውጤት ወደ 46 በመቶ ያሽቆለቁላል። በብዜት ዓለም ውስጥ የደካማው ክፍል ድክመት የጠንካሮቹን ክፍሎች ዋጋ ጭምር ይወስዳል።

ፒካፑም እንዲሁ ነው። የበርና የመስታወት ጎማ ከመኪናው ጠቅላላ ዋጋ ያለው ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የላሜራውን፣ የወንበሩን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውንና የነጂውን ምቾት ዋጋ በእጁ ይዟል። ወገኖቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ የተናገሩት ይህንኑ ነው። ቅጠሉ ርካሽ የሚሆነው እሳቱ ገና ትንሽ እያለ ብቻ ነው።

ለጎማ የማትመች ከተማ

ተፈጥሯዊው ጎማ ሲሞቅ የሚቀልጥ፣ ሲበርድ የሚሰበር ነገር ነበር። ቻርልስ ጉድይር በሰልፈርና በሙቀት የማጠንከርን ዘዴ በ1844 ፓተንት ካስመዘገበ በኋላ ነው ለኢንዱስትሪ የበቃው። የተጠናከረው ጎማም ቢሆን አንድ ድክመት ይዞ ቀረ፦ የሞለኪውሉ ሰንሰለት በኦዞን በቀላሉ የሚቆረጡ ጥንድ ትስስሮች አሉት። ጎማው ተወጥሮ ወይም ታጥፎ በሚቀመጥበት ቦታ፣ ለምሳሌ በበር ማዕዘን ላይ፣ በአየር ውስጥ ያለው እጅግ ጥቂት ኦዞን እንኳ ትንንሽ ስንጥቆችን ያወጣል። ስንጥቁ እየሰፋ ሲሄድ ጎማው ይደርቃል፤ ይሰባበራል።

ዴንቨር በ1,609 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ደረቅና ፀሐያማ ከተማ ናት። ከፍታ ሲጨምር የአልትራቫዮሌት ጨረር ይበረታል። በዚህ ላይ የበጋ ኦዞን ችግር አለባት፦ ከመኪኖች ጭስና ከነዳጅና ጋዝ ማምረቻዎች የሚወጡ ጋዞች በፀሐይ ብርሃን ተዋህደው በመሬት ደረጃ ኦዞን ይፈጥራሉ። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2022 የዴንቨርንና የሰሜናዊውን ፍሮንት ሬንጅ አካባቢ ከኦዞን ደረጃ አንጻር «ከባድ» ወደሚባለው ምድብ አውርዶታል። የጎማዎቹ መሰንጠቅና የልጆች የአስም ሕመም በከፊል አንድ ምንጭ አላቸው ማለት ነው። የአሮጌ መኪና ወዳጆች ይህን መዘንጋት የለብንም፤ የድሮ ሞተር ጭስ የራሱን በር ጎማ ከሚበላው አየር ላይ የበኩሉን ያዋጣል።

ብርዱም አለ። ታኅሣሥ 22 ቀን 2022 በዴንቨር ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አሳይቷል። በረዶውም እንዲሁ ነው፤ ግንቦት 8 ቀን 2017 የወረደው የበረዶ ድንጋይ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ የኢንሹራንስ ካሳ አስከፍሎ በኮሎራዶ ታሪክ ከፍተኛው ሆኖ ተመዝግቧል። በዚያ ዓይነት ቀን የተሰነጠቀ የፊት መስታወት ሲቀየር የደረቀው ዙሪያ ጎማ አብሮ ካልተቀየረ አዲሱ መስታወት የድሮውን ፍሳሽ ይወርሳል።

ለዚህ ሁሉ ኬሚስትሪ መልስ ሰጥቷል። በ1960ዎቹ ወደ ገበያ የወጣው ኢ.ፒ.ዲ.ኤም የተባለው ሰው ሠራሽ ጎማ የሰንሰለቱ አከርካሪ ጥንድ ትስስር ስለሌለው ኦዞንና ፀሐይን እጅግ በተሻለ ይቋቋማል። ዛሬ የሚሸጡ ጥሩ የበር ጎማዎች በአብዛኛው ከዚህ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ የዛሬ ተተኪ ጎማ ፋብሪካው መጀመሪያ ከገጠመው የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ነጥብ ኋላ ስለ ዕድሜ ስንነጋገር ይጠቅመናል፦ አሮጌ መኪና ማለት ሁሉም ክፍሉ እኩል ያረጀ መኪና ማለት አይደለም።

ሥራው የሚጠይቀው

ነገሩን ከሩቅ የሚያይ ሰው «ጎማ መለጠፍ ምን አለው?» ይል ይሆናል። ሥራው ግን ትዕግሥት ነው። በአንድ የድሮ ፒካፕ ጋቢና ላይ ቢያንስ አምስት ዓይነት ጎማ አለ፦ የበሩን ዙሪያ የሚከተለው፣ መስታወቱ ሲወጣና ሲወርድ የሚንሸራተትበት ከፈይ መሰል ሽፋን ያለው ቦይ፣ በመስታወቱ ግርጌ ውኃ የሚጠርገው ቀጭን ከንፈር፣ የማዕዘኗ ትንሽ መስኮት ጎማ፣ የፊትና የኋላ መስታወት ዙሪያ ጎማ። ለመስታወቱ ቦይ የበሩ የውስጥ ሽፋን ይፈታል፤ መስታወቱም ሊወጣ ይችላል። አሮጌው ማጣበቂያ በማሟሟቻ ተለቅልቆ፣ በፕላስቲክ መፋቂያ ተፍቆ፣ ላሜራው እስኪያበራ ይጸዳል። የተደበቀ ዝገት የሚገኘውም በዚህ ጊዜ ነው፤ ሳይታከም በላዩ ጎማ ከተለጠፈበት ችግሩን ማሸግ ይሆናል።

አዲሱ ጎማ ያለ ማጣበቂያ በመጀመሪያ ይለካል። ማዕዘኖቹ ይያዛሉ፤ መካከሉ ሳይወጠር ይሞላል። የተወጠረ ጎማ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተሰብስቦ ማዕዘኑን ይለቃል፤ ቀደም ብለን እንዳየነውም ውጥረት ኦዞንን ይጋብዛል። ከተለጠፈ በኋላ በሩ ለመዘጋት ያስቸግራል። ልምድ የሌለው ሰው የተሳሳተ ጎማ የገዛ መስሎት ይቆርጠዋል። ልምድ ያለው ግን በሩን ዘግቶ ጎማው እስኪለምድ ይጠብቃል፤ ካስፈለገም የመዝጊያውን መያዣና የማጠፊያውን ቦታ ያስተካክላል። በመጨረሻ አንድ የወረቀት ገንዘብ በበሩ መካከል አስገብቶ ይዘጋና ይስባል፤ ያለ ተቃውሞ የሚወጣበት ቦታ ሁሉ ገና አልተዘጋም።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ሥራው ስንት ሰዓት እንደሚወስድ እንዲታይ ነው። በ1972 የወሰደውን ያህል ዛሬም ይወስዳል። ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን በ1966 ስለ ትርኢታዊ ኪነ ጥበባት በጻፉት መጽሐፍ ያስረዱት ነገር እዚህ ላይ ይሠራል፦ በሌላው ዘርፍ የሠራተኛ ምርታማነት ሲያድግ ደመወዝ ያድጋል፤ ምርታማነቱ የማያድገው ሥራም ያንኑ ደመወዝ መክፈል ስላለበት ዋጋው ከሌላው አንጻር እየናረ ይሄዳል። ሙዚቀኞች አንድን ድርሰት በግማሽ ሰዓት እንደማይጨርሱት፣ መካኒክም ጎማን በግማሽ ሰዓት አይለጥፍም። በዴንቨር ጋራዦች የአንድ ሰዓት የእጅ ዋጋ 100 ዶላርን ማለፉ የመካኒኮች ስግብግብነት አይደለም፤ የባለጸጋ አገር የዋጋ አወቃቀር ነው።

በአዲስ አበባ ሚዛኑ ይገለበጣል። እጅ ርካሽ ነው፤ ዕቃው ውድ ነው፤ ዕቃው የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነውና። ስለዚህ በመርካቶ ሶማሌ ተራ የሚፈለገው ጎማ ሲጠፋ የሌላ መኪና ጎማ ተቆርጦ፣ ተሰፍቶ፣ ተለጥፎ ይሠራል። ያ ብልሃት የድህነት ምልክት ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። እኔ የማየው ግን ፍጹም ምክንያታዊ የሆነ የዋጋ መልስ ነው፦ ውድ የሆነውን ዕቃ በርካሹ እጅ መተካት።

ለምን ይዘገያል?

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የወሰድኳቸው ናቸው። ሙሉ የጎማ ስብስብ 400 ዶላር፣ 12 ሰዓት ሥራ በ125 ዶላር ሒሳብ 1,500 ዶላር፣ በድምሩ 1,900 ዶላር ይሁን። ካልተሠራ ከአምስት ዓመት በኋላ የወለልና የማዕዘን ላሜራ ብየዳና ቀለም 6,000 ዶላር ያስወጣል እንበል። ጥያቄው የዛሬው 1,900 ወይስ የአምስት ዓመት በኋላው 6,000 ነው።

በ8 በመቶ ወለድ መበደር ለሚችል ሰው የነገው 6,000 ዛሬ 4,083 ዶላር ያህላል። መጠገን ግልጽ ትርፍ ነው። በ25 በመቶ የክሬዲት ካርድ ወለድ ለሚኖር ሰው ግን ዛሬ የሚያህለው 1,966 ዶላር ብቻ ነው፤ ጥገናው ከኪሳራ ለጥቂት ያመልጣል። በ30 በመቶ ወለድ ደግሞ 1,616 ዶላር ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ መኪናው እንዲዝግ መተው ትክክለኛ ውሳኔ ነው። አንድ ዓይነት መኪና፣ አንድ ዓይነት ጎማ፣ አንድ ዓይነት ዝናብ፤ ልዩነቱ የባለቤቱ የብድር ዋጋ ነው። ድሃ ንብረቱን አይንከባከብም የሚለው የቆየ ወቀሳ የሚረሳው ይህን ነው። ድሃው የሚከፍለው ወለድ ነገን እንዲያሳንስ ያስገድደዋል፤ ያሳነሰውም ነገ መጥቶ ይበልጥ ያደኸየዋል።

ይህ ወጥመድ አንድ መውጫ አለው፤ እውቀት። ባለቤቱ ሥራውን ራሱ ቢሠራና ሰዓቱን በ20 ዶላር ቢገምት፣ ወጪው 400 ሲደመር 240፣ በድምሩ 640 ዶላር ነው። በዚህ ዋጋ ወለዱ 50 በመቶ ቢሆን እንኳ ጥገናው ያዋጣል፤ የነገው 6,000 በዚያ ወለድ ዛሬ 790 ዶላር ይመዝናልና። የእጅ ሙያ ብድር ለማያገኝ ሰው የብድር ምትክ ነው። በኦሮራ በሃቫና ጎዳናና በኢስት ኮልፋክስ ዙሪያ የሚኖረው የኛ ማኅበረሰብ ይህ ካፒታል በብዛት አለው። በሰፈሩ «ጋሼ» እየተባሉ የሚጠሩ፣ አገር ቤት በጋራዥ ያደጉ፣ እዚህ ግን ሌላ ሥራ የሚሠሩ አንጋፋዎች አሉ። እውቀታቸው በሥራ ማመልከቻ ላይ አይጻፍም፤ በየትኛውም የባንክ ሒሳብ ላይ አይታይም።

በብሔራዊ ሒሳብ ላይም አይታይም። በዓለም አቀፉ የብሔራዊ ሒሳብ ሥርዓት ደንብ መሠረት ቤተሰብ የራሱን መኪና በራሱ እጅ ሲጠግን ከምርት ወሰን ውጭ ነው። ጋራዥ ሲሠራው ግን አጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት ውስጥ ይገባል። መኪናው ዝጎ ተጥሎ አዲስ ሲገዛ ደግሞ ምርቱ ይበልጥ ከፍ ይላል። ንብረትን ማቆየት የማይቆጠርበት፣ መተካት ግን የሚቆጠርበት ሚዛን ይዘን ፖሊሲ ስናወጣ ወደ መተካት ማዘንበላችን አይገርምም።

ቅርጽ ማውጫው ማን ዘንድ ነው?

እጅ ቢኖርም ዕቃው ከሌለ ሥራ የለም። ለአንድ ሞዴል የበር ጎማ ለመሥራት ጎማው ተገፍቶ የሚወጣበት የብረት ቅርጽ ማውጫ፣ ለማዕዘኖቹም ልዩ ቅርጽ ያስፈልጋል። ይህ ቋሚ ወጪ ነው፤ አንድም ጎማ ይሸጥ አሥር ሺህ፣ ወጪው ያው ነው። ስለዚህ አምራች ቅርጹን የሚያወጣው በቂ ገዢ እንዳለ ሲያምን ብቻ ነው።

ውጤቱ አስገራሚ ነው። ለ1972ቱ ሸቭሮሌ ፒካፕ ሙሉ የጎማ ስብስብ ዛሬ በቀላሉ ይገኛል፤ ሰብሳቢዎች ይወዱታልና። ከእርሱ በብዙ ዓመታት ለሚያንስ፣ ነገር ግን ማንም ለማይሰበስበው ተራ የሠራተኛ መኪና ትክክለኛውን ጎማ ማግኘት ብዙ ጊዜ ይከብዳል። የመለዋወጫ ገበያ የሚከተለው ዕድሜን ሳይሆን ፍቅርንና ገንዘብን ነው። ለድሮ አሜሪካ መኪኖች ጎማ በመሥራት ከታወቁት አንዱ የሆነው ስቲል ራበር ፕሮዳክትስ መቀመጫው ዴንቨር ነው፤ ይህ ዴንቨር ግን የኛው ሳይሆን በሰሜን ካሮላይና ያለችው፣ ስሟን ከኛይቱ ከተማ የወረሰችው ትንሽ ከተማ ናት።

የኛዋም ዴንቨር በአንድ ወቅት የጎማ ከተማ ነበረች። ቻርልስ ጌትስ በ1911 አንድ ትንሽ ድርጅት ገዝቶ የጀመረው ሥራ ጌትስ ራበር ሆነ። ወንድሙ ጆን በ1917 የሠራው ቪ-ቅርጽ የሞተር ቀበቶ በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ። በሳውዝ ብሮድዌይ የነበረው ግዙፍ ፋብሪካ ግን ከተዘጋ በኋላ ለዓመታት ባዶውን ቆሞ በ2010ዎቹ ፈረሰ። ኩባንያው ዛሬም ዋና መሥሪያ ቤቱ ዴንቨር ነው፤ የሠራተኞቹ ሰፈር የነበረው አካባቢ ግን ሌላ መልክ ይዟል። ቅርጽ ማውጫው፣ ማሽኑና የሠራተኛው ልምድ አንድ ላይ የሚኖሩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ሲበተን ሌላውን መልሶ መሰብሰብ ከባድ ነው።

ኮሎራዶ የመጠገን መብትን በሕግ በማስከበር ከአሜሪካ ክፍለ አገሮች ግንባር ቀደም ናት፦ በ2022 ለኤሌክትሪክ ዊልቸር፣ በ2023 ለእርሻ መሣሪያዎች፣ በ2024 ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ሕግ አውጥታለች። እነዚህ ሕጎች አምራቾች መረጃና ዕቃ እንዳይደብቁ ያስገድዳሉ። ያልተሠራ ጎማን ግን አያሠሩም። መብቱ ቢኖርም ዕቃው፣ እጁና የሥራ ቦታው ከሌሉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ዕድሜ ወይስ ይዞታ?

መንግሥታት መኪናን በምን ይመዝናሉ? በአብዛኛው በተሠራበት ዓመት። ለመቁጠር ይቀላልና። የአሜሪካ መንግሥት በ2009 ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በታች የሆኑ፣ ነዳጅ የሚፈጁ መኪኖችን ለሚመልሱ ሰዎች እስከ 4,500 ዶላር የሚሰጥ መርሐ ግብር አካሂዶ ነበር። ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ተመድቦ 677 ሺህ ገደማ መኪኖች ተሰበሰቡ፤ ሞተሮቻቸው በኬሚካል እንዲነክሱ ተደርጎ ወደሙ። አቲፍ ሚያንና አሚር ሱፊ በኋላ እንዳሳዩት መርሐ ግብሩ በሁለት ወር ውስጥ ያስገኘው ተጨማሪ ሽያጭ በሚቀጥሉት ወራት በደረሰ መቀነስ ከሞላ ጎደል ተጣፋ። ያለዚያም ሊገዙ የነበሩ ሰዎች ቀድመው ገዙ፤ በደንብ የተያዙ መኪኖች ግን ከአነስተኛ ገቢ ገዢዎች ገበያ ለዘለቄታው ወጡ።

ኮሎራዶ ራሷ ከ2023 ጀምሮ አነስተኛ ገቢ ያላቸው ነዋሪዎች አሮጌ መኪናቸውን በኤሌክትሪክ መኪና ሲለውጡ የሚደጉም መርሐ ግብር አላት። ዓላማውን እደግፋለሁ። ነገር ግን ለመለወጥ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሲኖር ያለውን ለማቆየት ምንም አለመኖሩ ሚዛኑን ያዛባል። በ2024 በአሜሪካ መንገዶች ላይ ያሉ መኪኖች አማካይ ዕድሜ 12.6 ዓመት ደርሷል። አብዛኛው ሠራተኛ ወደ ሥራ የሚሄደው ለረጅም ጊዜ በሚቆይ መኪና ነው፤ ድጎማው ግን የሚያየው የሚለወጠውን ብቻ ነው።

ኢትዮጵያም ዕድሜን መመዘኛ አድርጋለች። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖች ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። በጥር 2024 ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። አገሪቱ ለነዳጅ የምታወጣውን የውጭ ምንዛሪና ያላትን የውኃ ኃይል ላሰበ ሰው ውሳኔው ያለ ምክንያት አይደለም። ግን አንድ ውጤት አብሮት ይመጣል፦ አዲስ የነዳጅ መኪና ካልገባ ያለው ይበልጥ ይቆያል። የኩባ መንገዶች ከ1959 በኋላ ያሳዩን ይህንኑ ነው። ማስገባት ሲዘጋ የነባሩ መኪና ዋጋ ይወጣል፤ ዋጋው ሲወጣ ማቆየቱ ያዋጣል። ስለዚህ አዲስ መኪናን የሚከለክል መንግሥት ከማንም በላይ የመለዋወጫ ነገር ሊያሳስበው ይገባል።

የሚነሣብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። አሮጌ መኪና ይበክላል፤ አደጋም ሲደርስ ሰው አያድንም። እውነት ነው። ጭስ ማጣሪያ በአሜሪካ በስፋት የተገጠመው ከ1975 ሞዴል ጀምሮ ነው፤ የ1972 ፒካፕ የአየር ከረጢትም የለውም። ማንም ሰው ልጆቹን በየቀኑ በእርሱ ወደ ትምህርት ቤት ያድርስ አልልም። ነገር ግን ይህ ተቃውሞ የሞተርና የደኅንነት መከራከሪያ ነው፤ የሚለካውም በጭስ ምርመራና በቴክኒክ ምርመራ ነው። ዕድሜ ለሁለቱም ጭላንጭል ብቻ ይሰጣል። በደንብ የተያዘ የ15 ዓመት ሃይሉክስና የተጣለ የ8 ዓመት ሃይሉክስ በአንድ መሥፈርት ሲቀርቡ፣ ዕድሜ የሚሸልመው የተጣለውን ነው። እንዲህ ያለ ሥርዓት ለባለቤቱ የሚነግረው አንድ ነገር ነው፦ ብትንከባከበውም ባትንከባከበውም ለኔ ልዩነት የለውም።

ሌላም አለ። የኤሌክትሪክ መኪናም በር አለው። ባትሪው የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን የክረምት ዝናብና የጠጠር መንገድ አቧራ የሚገባው በዚያው በጎማው ስንጥቅ ነው። የሞተሩን ዓይነት መለወጥ የጥገናን ጥያቄ አያስቀርም፤ ለአዲስ ዕቃ ያሻግረዋል እንጂ።

ምን ይደረግ?

አሜሪካ በሌላ ዘርፍ ትክክለኛውን ነገር አድርጋለች። የፌዴራሉ መንግሥት ከ1976 ጀምሮ አነስተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች የቤታቸውን በርና መስኮት እንዲያሽጉ፣ ጣሪያቸውን ሙቀት እንዲያቅብ እንዲያደርጉ የሚረዳ መርሐ ግብር አለው። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፦ ዛሬ ትንሽ ወጪ ነገ ትልቅ ወጪን ያድናል፤ ድሃው ግን የዛሬውን ትንሽ ወጪ አይችልም። የቤት በር ጎማ የሕዝብ ገንዘብ ሲገባው፣ ሠራተኛውን ወደ ሥራ የሚያደርሰው መኪና በር ጎማ ለምን አይገባውም?

ስለዚህ ለኮሎራዶ የምመክረው ከመለወጫው ድጎማ ጎን አነስተኛ የጥገና ድጎማ እንዲኖር ነው። የጭስ ምርመራን ላለፈ፣ ዕድሜው ለጨመረ የሠራተኛ መኪና በጥቂት መቶ ዶላር የሚቆጠር ድጋፍ፣ ወይም በዝቅተኛ ወለድ የሚሰጥ የጥገና ብድር፣ ከላይ ያየነውን ስሌት ከኪሳራ ወደ ትርፍ ያሻግረዋል። ሁለተኛው የሥራ ቦታ ነው። ብዙ የአፓርትማ ውሎች በግቢ መኪና መጠገንን ይከለክላሉ፤ ስለዚህ እጁ ያለው ሰው ቦታ የለውም። ዴንቨር መሣሪያ የሚያበድር ቱል ላይብረሪ አላት፤ ኦሮራ ጣሪያ ያለውና የሰዓት ኪራይ የሚከፈልበት የጋራ ጋራዥ ቢኖራት፣ የማኅበረሰባችን ዕድሮችና ማኅበራት ሊያስተዳድሩት የሚችሉት ነገር ነው።

ለኢትዮጵያ ደግሞ ሁለት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ የተሽከርካሪ ታክስ ቀስ በቀስ ከዕድሜ ወደ ይዞታ ይሻገር፤ ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ እውነተኛ ሆኖ ውጤቱ በሚከፈለው ገንዘብ ላይ ይታይ። ምርመራው በጉቦ ሊበላሽ ይችላል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ምርመራውን ማስተካከል ነው፤ ቀላል ስለሆነ ብቻ የተሳሳተውን ነገር መለካት አይደለም። ሁለተኛ፣ የበር ጎማን የመሰሉ መኪናን ከመበስበስ የሚጠብቁ ትንንሽ ዕቃዎች በቀረጥ ረገድ እንደ ቅንጦት ሳይሆን እንደ ምርት ግብዓት ይታዩ። ቅርጽ ማውጫ ብረት በአገር ውስጥ ማውጣት ለአንድ መካከለኛ ወርክሾፕ የማይቻል አይደለም፤ አንድ ዓይነት ሃይሉክስና ሚኒባስ በብዛት ባለበት አገር ቋሚ ወጪውን የሚያካፍል ገዢ አለና።

ውድ አንባብያን፣ የመንግሥት ውሳኔ እስኪመጣ ድረስ ከበረዶው በፊት የሚቻል ነገር አለ። የመኪናችሁን በር በአንድ ወረቀት ላይ ዘግታችሁ ሳቡት። ወረቀቱ በቀላሉ የሚወጣበትን ቦታ ምልክት አድርጉ፤ ምንጣፉን አንስታችሁ ከሥሩ እርጥበት እንዳለ በእጃችሁ ዳስሱ። እርጥብ ከሆነ በሰፈራችሁ ካሉት ጋሼዎች አንዱን ጥሩ፤ ለሰዓቱም በአግባቡ ክፈሉት።